ሶፍትዌር ለሁለት ሲከፈል ፈቃዱ ከማን ጋር ይሄዳል?

ሊብሬኦፊስና አፓቺ ኦፕንኦፊስ የተባሉትን ሁለት የቢሮ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ከፍቶ የተመለከተ ሰው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለመገንዘብ ብዙም አይቸገርም። ሁለቱም ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ሁለቱም ሠንጠረዥ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይታደላሉ፣ የሁለቱም ሶርስ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ሊብሬኦፊስ የወንድሙን ሥራ እንዳሻው ወስዶ ወደ ራሱ መጨመር ሲችል፣ ኦፕንኦፊስ ግን ከሊብሬኦፊስ ወስዶ ወደ ራሱ ማስገባት አይችልም። ምክንያቱ ቴክኒክ አይደለም፤ ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ኮድ ነው። ምክንያቱ የሕግ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች የያዟቸው የፈቃድ ጽሑፎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬዱ በመሆናቸው ነው።

ጉዳዩ የፕሮግራመሮች የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ባልያዘ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ መሥሪያ ቤቱም በሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ኦፕን ሶርስ የሌለበትን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ውል የሚያረቅ የሕግ ባለሙያ፣ ጨረታ የሚያወጣ የግዥ ኃላፊ፣ ሶፍትዌር አስተካክሎ የሚሸጥ ድርጅት «ኦፕን ሶርስ ነው፣ ነፃ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን ሲያልፉት ይታያል። ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ሁለት ነፃነቶች ሲደባለቁ ግን የሚጣሉበት ጊዜ አለ።

ፎርክ ሲባል

«ፎርክ» ቃሉ ሹካ ማለት ነው። በሶፍትዌር ዓለም ግን አንድ ፕሮጀክት ከደረሰበት ደረጃ ተነሥቶ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ፣ ብዙውን ጊዜም በሌላ ስም የራሱን ጉዞ የሚጀምር ተገንጣይ ፕሮጀክት ማለት ነው። «ቅርንጫፍ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ እኔ አልወደድኩትም። ቅርንጫፍ ከግንዱ እንደተያያዘ ይኖራል፣ ፎርክ ግን ሥሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ፎርክ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሕግ ሰው ስለ መለያየት ሲሰማ ወዲያው የሚታየው የውርስ ክፍፍል ነው። በውርስ አንዱ ወራሽ ያገኘው ከሌላው ድርሻ ይቀነሳል። በፎርክ ግን ሁለቱም ወገኖች ሙሉውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ማንም ምንም አይጎድልበትም። በዚህ ክፍፍል ለሁለት የማይሆነው ነገር ስሙ ነው። የንግድ ምልክት ከቅጂ መብቱ ጋር አብሮ አይሰጥምና፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከማይኤስኪውኤል የተነጠለው ዳታቤዝ ማሪያዲቢ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የሃድሰን ፕሮግራም አዘጋጆች ከኦራክል ጋር ሲለያዩ ጄንኪንስ በሚል ስም ተነሡ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፈቃድ ስላለ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂ መብት ሕግ እንደ መጽሐፍ የሚጠበቅ ሥራ ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጽሑፍ ጋር አብሮ ይዘረዝረዋል። ስለዚህ መነሻው ክልከላ ነው፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መቅዳትም፣ መለወጥም፣ ማከፋፈልም አይቻልም። ኮዱ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉም የሚታይ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ቢታይም የተዘጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። አንድ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ እንደ ደቦ ነው፤ አንዱ ሃምሳ መስመር፣ ሌላው አምስት ሺህ መስመር ያዋጣል። በደቦ የታጨደው እህል የባለ ማሳው ነው። በሶፍትዌር ደቦ ግን በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር እያንዳንዱ አዋጪ የጻፈው ክፍል ባለመብት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የፕሮጀክቱ መሪ ነኝ የሚል ሰው የጠቅላላውን ሥራ ፈቃድ በራሱ ሥልጣን መለወጥ ላይችል ይችላል። በኋላ የምናያቸው ጠቦች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

የማይጣጣሙ ግዴታዎች

ፈቃዶቹ በስም ብዙ ናቸው፣ በባሕርይ ግን ሦስት ወገን አድርጎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ልል ፈቃዶች ናቸው፤ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ 2.0 እዚህ ይመደባሉ። የጸሐፊውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አስቀርተህ የፈለግኸውን አድርግ፣ ከፈለግህም ዘግተህ ሽጥ ይላሉ። በሌላው ጫፍ ኮፒሌፍት የሚባለው አለ፤ ዋናው ጂፒኤል ነው። ከእኔ ወስደህ የሠራኸውን ለሌላ ስታስተላልፍ ሶርስ ኮዱን ጨምረህ፣ በእኔው ፈቃድ ሥር ስጥ ይላል። በመካከል ኤልጂፒኤልና ኤምፒኤል ይገኛሉ፤ ግዴታቸው በራሳቸው ኮድ ወይም ፋይል ላይ ይወሰናል እንጂ አብሯቸው የሚሠራውን ፕሮግራም በሙሉ አይዝም።

ሁለት ፈቃዶች ይጣጣማሉ የሚባለው በሁለቱ ሥር የመጡ ኮዶች በአንድ ሥራ ውስጥ ተቀላቅለው ሲተላለፉ የሁለቱንም ግዴታ በአንድ ጊዜ መፈጸም ሲቻል ነው። ጥያቄው የመንፈስ ወይም የዓላማ አይደለም። ሁለቱም ጸሐፊዎች በነፃ ሶፍትዌር የሚያምኑ፣ ሁለቱም ደጎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዳኛው የሚያነበው ግን ጽሑፉን ነው። ጂፒኤል «ከእኔ በላይ ሌላ ገደብ አትጨምር» የሚል አንቀጽ ስላለው፣ ሌላው ፈቃድ አንዲት ትንሽ ግዴታ ብትኖረውና ያቺ ግዴታ ጂፒኤል ውስጥ ባትኖር ቅልቅሉ ሕገ ወጥ ይሆናል።

ያቺ ትንሽ ግዴታ ምን ያህል ትንሽ ልትሆን እንደምትችል አንድ ምሳሌ እንይ። የቀድሞው የቢኤስዲ ፈቃድ ፕሮግራሙን የሚጠቅስ ማንኛውም ማስታወቂያ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን እንዲያመሰግን የሚያዝ አንቀጽ ነበረው። የአንድ መስመር ምስጋና ነው፤ ሆኖም ከጂፒኤል ጋር አያስኬድም ነበር። ዩኒቨርሲቲው አንቀጹን እ.ኤ.አ. በ1999 ሰረዘው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2004 መጀመሪያ፣ የዩኒክስና የሊኑክስ ኮምፒዩተሮችን ስክሪን ይሠራ የነበረው ኤክስፍሪ86 የተባለው ፕሮጀክት በስሪት 4.4 ላይ ተመሳሳይ የምስጋና ግዴታ ጨመረ። የሊኑክስ አከፋፋዮች አንድ በአንድ ጥለውት ሄዱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ የኤክስዶትኦርግ ሰዎች ፈቃዱ ከመለወጡ በፊት ከነበረው ኮድ ተነሥተው የራሳቸውን ስሪት አወጡ። ዛሬ ኤክስፍሪ86ን የሚያስታውሰው ታሪክ ብቻ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ያየናቸው ብዙ ጉዳዮች ከዚህ በበለጠ ገንዘብ ያስከፈሉ ይሆናል፣ ከዚህ ባጠረ ዓረፍተ ነገር የጠፋ ፕሮጀክት ግን አላስታውስም።

ተመሳሳይ ችግር በአፓቺ 2.0ና በጂፒኤል ስሪት 2 መካከልም አለ። አፓቺ 2.0 የፓተንት ክስ ያነሣ ሰው የተሰጠውን የፓተንት ፈቃድ ያጣል የሚል ድንጋጌ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል ስሪት 2 እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ የጂፒኤል ባለቤት የሆነው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሁለቱ አይጣጣሙም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ስሪት 3 ሲረቀቅ ይህ ታስቦበት ተስተካክሏል። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ስሪት 2ና ስሪት 3 እርስ በርሳቸው አይጣጣሙም። መፍትሔው «ስሪት 2፣ ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ ማንኛውም ስሪት» የምትለው ሐረግ ናት። እሷን የጻፈ ወደ ስሪት 3 ሊሻገር ይችላል። ያልጻፈ እዚያው ይቀራል፤ የሊኑክስ ከርነል ከማይሻገሩት አንዱ ነው።

የኦፕንኦፊስ ቤተሰብ

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ወንድማማቾች እንመለስ፤ ከማውቃቸው ፎርኮች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነውና።

የፕሮግራሙ አያት ስታርኦፊስ የተባለ የጀርመን ምርት ነው። የአሜሪካው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛና በሚቀጥለው ዓመት ኮዱን ኦፕንኦፊስ በሚል ስም ክፍት አደረገው። ፈቃዱ በመጨረሻ ኤልጂፒኤል ነበር፤ ከስሪት 3 ጀምሮ ደግሞ ኤልጂፒኤል ስሪት 3 ሆነ። ነገር ግን ሰን አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቅ ነበር። ኮድ የሚያዋጣ ሰው የቅጂ መብቱን ከሰን ጋር የሚጋራበትን ሰነድ መፈረም ነበረበት። ስለዚህ ውጪ ላለው ሁሉ ፈቃዱ ኤልጂፒኤል ሲሆን፣ ሰን ግን ከፈለገ ነገ በሌላ ፈቃድ ማውጣት ይችል ነበር። ይህን አልፈርምም ያሉ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ከዋናው ፕሮጀክት ውጪ «ጎ-ኦኦ» በሚባል የተሻሻለ ስሪት ውስጥ ያኖሩ ነበር። መኮረፉ እንግዲህ ከመለያየቱ ብዙ ዓመት ቀድሟል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ኦራክል ሰንን ጠቅልሎ ወሰደ። በመስከረም 28 ቀን 2010 ብዙዎቹ የኦፕንኦፊስ ነባር ሰዎች ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን መሥርተው ሊብሬኦፊስን አወጁ። ኦራክልንም እንዲቀላቀላቸውና ስሙን እንዲሰጣቸው ጋበዙት። ኦራክል እንቢ አለ። በአዲሱ ፋውንዴሽን ውስጥ የገቡት የኦፕንኦፊስ ማኅበረሰብ ምክር ቤት አባላትም ቦታቸውን እንዲለቁ ተጠየቁ።

እዚህ ላይ የሊብሬኦፊስ ሰዎች የሠሩትን አንድ ሥራ ልብ እንበል። የወረሱት ኮድ ኤልጂፒኤል ስሪት 3 ነው፤ ያን መለወጥ አይችሉም፤ ባለመብቱ ኦራክል ነው። አዲስ የሚዋጣውን ኮድ ግን ከአዋጪዎቹ በኤልጂፒኤል ብቻ ሳይሆን በኤምፒኤልም ጭምር ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ይህ ምንም ጥቅም አልነበረውም። ከኤልጂፒኤል መሠረት ላይ የቆመ ቤት በኤምፒኤል ሊሰጥ አይችልምና። የመብት ማስተላለፊያ ሰነድ ግን አላስፈረሙም፤ ያዋጣ ሁሉ መብቱን ይዞ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ኦራክል ኦፕንኦፊስን ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ፤ ኮዱም በአፓቺ 2.0 እንዲወጣ ፈቀደ። ይህን ማድረግ የቻለው ያ የሰን ሰነድ ስለነበረ ብቻ ነው። አይቢኤም ርክክቡን ደገፈ፤ ሎተስ ሲምፎኒ የተባለ በዚሁ ኮድ ላይ የተሠራ ምርት ስለነበረው ልል ፈቃድ ይስማማው ነበር። አፓቺ ደግሞ በራሱ ፖሊሲ ኮፒሌፍት ኮድ በምርቶቹ ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ በኤልጂፒኤልና በጂፒኤል ሥር የነበሩ ጥገኛ ክፍሎች ተለቅመው መውጣት ወይም መተካት ነበረባቸው። የመጀመሪያው አፓቺ ኦፕንኦፊስ፣ ስሪት 3.4፣ የወጣው በግንቦት 2012 ነው። ከርክክቡ እስከዚያ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊብሬኦፊስ ደጋግሞ አዳዲስ ስሪት አውጥቶ ነበር።

አሁን የነገሩን ምጸት ተመልከቱ። አፓቺ 2.0 ልል ስለሆነ የኦራክል ስጦታ ለተፎካካሪውም ስጦታ ሆነ። ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን በ2012 ኮዱን እንደገና ከአፓቺው መሠረት ላይ አቆመ። ከሥር ያለው አፓቺ 2.0፣ ከላይ ያለው የራሱ አዋጪዎች በኤምፒኤል የሰጡት። ሁለቱ ይጣጣማሉ። በዚህም ምክንያት ከስሪት 4.0፣ ማለትም ከየካቲት 2013 ጀምሮ፣ ሊብሬኦፊስ ከአንድ ባለመብት እጅ ወጥቶ በኤምፒኤል 2.0 የሚሰጥ ሥራ ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቅም የሌላት ትመስል የነበረችው ተጨማሪ ፈቃድ አሁን ዋናዋ ቁልፍ ሆነች። ያኔ ባይጠይቁ ኖሮ፣ በ2012 እያንዳንዱን አዋጪ አድራሻ እያፈላለጉ ማስፈረም ነበረባቸው።

ኦፕንኦፊስስ? ወንድሙ ያስተካከለውን ስህተት እያየ መውሰድ አልቻለም። የኤምፒኤል ኮድ ወደ አፓቺ ምርት ውስጥ በሶርስ ኮድነት አይገባም። በመስከረም 2016 የፕሮጀክቱ ሊቀ መንበር ፕሮጀክቱን የመዝጋት አማራጭ ለውይይት አቀረቡ። ፕሮጀክቱ አልተዘጋም፤ ከዚያ ወዲህ ያወጣቸው ግን በ2014 በወጣው ስሪት 4.1 ላይ የሚደረጉ ጥገናዎች ናቸው። በጥቅምት 2020፣ ኦፕንኦፊስ በተከፈተ በሃያ ዓመቱ፣ ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን በግልጽ ደብዳቤ ተጠቃሚዎችን ወደ ሊብሬኦፊስ እንዲመሩ ጠየቃቸው። ልል ፈቃድ ያለው ፎርክ ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለቴ አይደለም፤ ሊብሬኦፊስ ብዙውን ፕሮግራመር ይዞ መሄዱ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የፈቃዱ አቅጣጫ ግን ልዩነቱ በየዓመቱ እንዲሰፋ አደረገ። አንዱ የሁለቱን ድካም ሲሰበስብ ሌላው የራሱን ብቻ ይዞ ይቀራል። የአማርኛ ገጽታ ያለው ሊብሬኦፊስ የምንጠቀም ሰዎችም ከዚህ የተነሣ ተጠቃሚዎች ነን።

ዝምታ ስምምነት ነው?

ፈቃድ መለወጥ የፈለገ ነገር ግን እንደ ሰን ሰነድ ያላስፈረመ ፕሮጀክት ምን ያደርጋል? የኦፕንኤስኤስኤል ታሪክ መልስ ይሰጣል። ይህ ፕሮግራም በኢንተርኔት የምንልከውን መረጃ የሚመሰጥር፣ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚደገፍበት ነው። የነበረው ፈቃድ ያው የምስጋና አንቀጽ ነበረበት፤ ከጂፒኤል ጋር አይጣጣምም። መሪዎቹ በ2015 ወደ አፓቺ 2.0 እንደሚሸጋገሩ አስታወቁ፤ በመጋቢት 2017 ደግሞ ለመቶዎች አዋጪዎች ኢሜይል ላኩ። በኢሜይሉ ውስጥ መልስ ያልሰጠን እንደማይቃወም እንቆጥረዋለን የሚል መልእክት ነበረበት።

የኦፕንቢኤስዲው ቴኦ ደ ራድት ወዲያው ተቃወመ። በእኔም አስተያየት ልክ ነበር። «ዝምታ መስማማት ነው» የምንለው በሽምግልና ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በመርሕ ደረጃ ዝም ማለትን እንደ መቀበል አይቆጥርም። ኢሜይሉ ላልደረሰው፣ አድራሻ ለለወጠ፣ ለሞተም ሰው ዝምታ ምን ትርጉም አለው? ኦፕንኤስኤስኤል በመጨረሻ በአፓቺ 2.0 የወጣው በመስከረም 2021 በስሪት 3.0 ነው። ስድስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ባለቤቱ ሲዘጋ

ከላይ ያሉት ፎርኮች የተነሡት በሰዎች መካከል በተፈጠረ መለያየት ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የበዛው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ኩባንያው ራሱ ፈቃዱን ሲያጠብቅ ተጠቃሚዎቹ ከድሮው ፈቃድ ላይ ተነሥተው ይፎርካሉ። ኤላስቲክሰርች በጥር 2021 አፓቺ 2.0ን ሲተው አማዞን ኦፕንሰርችን አወጣ። ሬዲስ በመጋቢት 2024 የቢኤስዲ ፈቃዱን ሲተው በቀናት ውስጥ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቫልኪ ተወለደ። ሁለቱ ኩባንያዎች በኋላ፣ አንዱ በ2024፣ ሌላው በ2025፣ ኤጂፒኤል የተባለውን ኮፒሌፍት ፈቃድ እንደ አማራጭ ጨምረው ወደ ኦፕን ሶርስ ተመለሱ፤ ፎርኮቹ ግን አልተመለሱም። በእነዚህም ላይ አቅጣጫው አንድ ነው። ሬዲስ ከቫልኪ የቢኤስዲ ኮድ መውሰድ ይችላል፤ ቫልኪ ከአዲሱ ሬዲስ ወስዶ ቢኤስዲ ሆኖ መቆየት አይችልም።

ወደ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቀረበው የቴራፎርም ጉዳይ ነው። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2023 ቴራፎርምን ከኤምፒኤል 2.0 ወደ ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ አዛወረ። ይህ ፈቃድ ኮዱን ያሳያል፣ ተፎካካሪ አገልግሎት መስጠትን ግን ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ስሪት ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ኤምፒኤል ይመለሳል። ተቃዋሚዎች ከመጨረሻው የኤምፒኤል ኮድ ተነሥተው ኦፕንቶፉን መሠረቱ። በሚያዝያ 2024 ሃሺኮርፕ በጠበቆቹ በኩል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ «ሪሙቭድ» የተባለውን አዲስ ተግባር የሠራችሁት በአዲሱ ፈቃድ ሥር ካለው ኮዳችን ገልብጣችሁ ነው የሚል። ኦፕንቶፉ በቀናት ውስጥ መስመር በመስመር ያነጻጸረ መልስ ሰጠ፤ ተመሳሳይ የሆነው ክፍል ከዚያ በፊት በኤምፒኤል ከወጣው «ሙቭድ» ከተባለው ኮድ የተወሰደ መሆኑን፣ ሃሺኮርፕም ራሱ ከዚያው መነሣቱን አሳየ።

እኔን የሳበኝ የማስረጃው ዓይነት ነው። የማንኛውም መስመር ታሪክ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደጻፈው በመዝገብ ላይ ይገኛል። ያ መዝገብ ባይኖር «ከድሮው ነው የወሰድነው» የሚለው ቃል ምን ዋጋ ነበረው? ከፎርክ በኋላ የአንድ ኮድ ሕጋዊነት በቀኑ ይወሰናል። ያው ፋይል፣ ያው ደራሲ፣ በሐምሌ የተጻፈው ይወሰዳል፣ በመስከረም የተጻፈው አይወሰድም። በመሆኑም ጥንቃቄ የሚያደርጉ ፎርኮች አዋጪዎቻቸው የተዘጋውን አዲስ ኮድ ጭራሽ እንዳይመለከቱት ይመክራሉ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ በፍርድ ቤት ይጸናል? ይጸናል። የሙኒክ ፍርድ ቤት በ2004 ጂፒኤልን የጣሰ የኔትወርክ ዕቃ አከፋፋይ ላይ እግድ አጽንቷል። በነሐሴ 2008 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃኮብሰንና በካትዘር ጉዳይ፣ የሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን በሚመለከት፣ የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ግዴታዎች የውል ቃል ብቻ ሳይሆኑ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች መሆናቸውን ወሰነ። ልዩነቱ ለሕግ ባለሙያ ግልጽ ነው። ውል ብቻ ቢሆን ከሳሹ በነፃ የሰጠው ነገር ስንት ብር አጎደለበት ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ግን የጣሰው ሰው ያለ ፈቃድ የቀዳ ሰው ነው፤ እግድ ይከተለዋል።

በሌላ በኩል ያልተዳኘም አለ። ሰን ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ሲዲዲኤል በሚባል ፈቃድ ነው ያወጣው፤ ከጂፒኤል ጋር አይጣጣምም ይባላል። ካኖኒካል በ2016 ከኡቡንቱ ሊኑክስ ጋር አብሮ አከፋፈለው፤ የሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ጥሰት ነው አለ፤ ካኖኒካል አይደለም አለ። ነገሩ የባለሙያዎች ክርክር ሆኖ ቀረ።

በእኛ ውል ውስጥ

አገር ውስጥ ስንመጣ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ የኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው፤ ፈቃዱ ኤምፒኤል 2.0 ነው። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ሲሆን ፈቃዱ ቢኤስዲ ነው። የሁለቱ ግዴታ አንድ አይደለም። የሞሲፕን ነባር ፋይል ያሻሻለ ድርጅት የተሻሻለውን ፋይል ለሌላ ሲያስተላልፍ ሶርስ ኮዱን በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ራሱ የጻፈውን አዲስ ፋይል ግን በፈለገው ፈቃድ ይይዛል። በዲኤችአይኤስ2 ላይ ያለው ግዴታ የባለመብቱን ማስታወቂያ ከመጠበቅ ብዙም አያልፍም።

«ሲያስተላልፍ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነውና። አንድ ባንክ የጂፒኤል ፕሮግራም ወስዶ ለራሱ አሻሽሎ በራሱ ሰርቨር ላይ ቢሠራበት ለማንም ኮድ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ለማንም አላስተላለፈምና። ፕሮግራሙ ኤጂፒኤል ከሆነ ግን በኔትወርክ ለሚገለገሉት ሰዎች ኮዱን ማቅረብ ይኖርበታል። አንድ የአዲስ አበባ ሶፍትዌር ድርጅት የጂፒኤል ፕሮግራም አስተካክሎ ለባንኩ ሲያስረክብ ደግሞ ማስተላለፍ ተፈጽሟል፤ ኮዱን የማግኘት መብት ያለው ባንኩ ነው። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ይለጠፍ የሚል ግዴታ ግን ከዚህ አይወጣም፤ ብዙዎች ይወጣል ብለው ይፈራሉ።

ሁለተኛው ነጥብ የጨረታ ሰነድን ይመለከታል። «የሶፍትዌሩ የሶርስ ኮድ ባለቤትነት ሙሉ በሙሉ ለገዢው ይተላለፋል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ልማድ ሆኗል። ሻጩ ከኦፕን ሶርስ ላይ ተነሥቶ የሠራ ከሆነ ይህን ቃል መፈጸም አይችልም። የሌለውን ማንም አያስተላልፍም፤ ከሥር ያለው ኮድ ባለመብቶች በሌላ አገር የሚገኙ፣ ስማቸውንም የማያውቃቸው በርካታ ሰዎች ናቸው። ሊሠራ የሚችለው አንቀጽ ሦስት ነገር ይለያል፤ ሻጩ ራሱ የጻፈው ክፍል መብቱ ለገዢው ይተላለፋል፤ ከሌላ የተወሰደው ክፍል ከነፈቃዱ ስምና ስሪት፣ ከተወሰደበትም ቀን ጋር በዝርዝር ተያይዞ ይቀርባል፤ ሻጩም የተዘረዘሩት ፈቃዶች በዚህ አቀላቀል እርስ በርስ እንደሚጣጣሙ ያረጋግጣል፣ ካልተጣጣሙም ክፍሉን በራሱ ወጪ ይተካል። ዝርዝሩ በርክክብ ቀን መሰጠት አለበት። ድርጅቱ ከፈረሰ፣ ፕሮግራመሮቹም ከተበተኑ በኋላ ያን ታሪክ መልሶ ማግኘት ኦፕንኤስኤስኤልን ስድስት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።